የግራም ቀለም አቀባብ፦ የሚበላሽባቸው ቦታዎችና ማስተካከያቸው

የግራም ቀለም አቀባብ ባክቴሪያን እንደ ህዋስ ግድግዳው ሐምራዊ ወይም ሮዝ አድርጎ የሚለይ ዘዴ ነው። ከአንድ ኩባያ የሱቅ እርጎ ስሚር (ስላይድ ላይ በስሱ የተቀባ ናሙና) ከሠሩ ተማሪዎች አንዱ ሐምራዊ፣ ሌላው ሮዝ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዝንጉርጉር ባክቴሪያ ካየ ጥፋቱ የእርጎው አይደለም። በሱቅ እርጎ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሐምራዊ መሆን አለበት። ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ስሚሩ ሲወፍር፣ ቀለሙን የሚያለቅቀው አልኮል ደግሞ ከልኩ ሲያልፍ ወይም ሲያንስ። ሌሎቹን ደረጃዎች በአጭሩ ብናልፋቸውም እነዚህ ሁለቱ ላይ እንቆያለን።

«ግራም» እዚህ የክብደት መለኪያ አይደለም። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1884 ያወጣው የዴንማርካዊው ሐኪም የሃንስ ክርስቲያን ግራም ስም ነው።

ቀለሙ የሚለየው ምንን ነው?

ይህን ሳይረዱ ደረጃዎቹን መሸምደድ ዋጋ የለውም፤ አንድ ነገር ሲበላሽ የት እንደተበላሸ ማወቅ አይቻልም።

የአብዛኛው ባክቴሪያ ህዋስ ከውስጥ ስስ የህዋስ ሽፋን፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል ነገር የተሠራ ግድግዳ አለው። ግራም ፖዘቲቭ በሚባሉት ይህ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ከ20 እስከ 80 ናኖሜትር ይደርሳል። ግራም ኔጋቲቭ በሚባሉት ከ10 ናኖሜትር ያነሰ ሲሆን ከላዩ ቅባትነት ያለው ሌላ ውጫዊ ሽፋን ይደረብበታል።

ክሪስታል ቫዮሌት የሚባለው ሐምራዊ ቀለም ሁለቱም ዓይነት ህዋስ ውስጥ ይገባል። አዮዲን ተከትሎ ሲገባ ከቀለሙ ጋር ተያይዞ ትልቅ ቅንጣት ይፈጥራል። አልኮል ሲመጣ ወፍራሙ ግድግዳ ውሃውን አጥቶ ይጠብቃል፤ ቀዳዳዎቹ ስለሚጠቡ ትልቁ ቅንጣት ታግቶ ይቀራል። የግራም ኔጋቲቩን ውጫዊ ሽፋን ግን አልኮሉ ያሟሟዋል፤ ስሱ ግድግዳም ቀለሙን ሊይዘው አይችልም። ቀለም አልባ ሆኖ የቀረውን ህዋስ በመጨረሻ ሳፍራኒን የሚባል ሌላ ቀለም ሮዝ ያደርገዋል።

ልብ በሉ፦ ወፍራሙም ግድግዳ ቢሆን ቀለሙን የሚያቆየው ለጊዜው ነው። አልኮሉ ከቆየበት እሱም ይለቃል።

ዝግጅት

*ዕቃዎች፦* ስላይድ፣ ሉፕ (ጫፉ ቀለበት የሆነ የናሙና መውሰጃ ሽቦ) ወይም ንጹህ ስቴኪኒ፣ የአልኮል መብራት፣ ስላይድ መያዣ ፒንሳ፣ ጠብታ ማንጠባጠቢያ ያላቸው አራት ጠርሙሶች፣ የሰከንድ ሰዓት፣ ጓንት፣ ጋዎን፣ ነጭ ትሪ፣ እርሳስ፣ ውሃ የሚመጥ ወረቀት፣ 100× ሌንስ ያለው ማይክሮስኮፕና ኢመርሽን ዘይት። ትሪው ነጭ ይሁን ያልነው ለማስጌጥ አይደለም፤ በደረጃ 5 ላይ ያስፈልጋል።

*ክሪስታል ቫዮሌት፦* 2 ግራም ክሪስታል ቫዮሌት በ20 ሚሊ ሊትር 95% ኢታኖል አሟሙ። በሌላ ዕቃ 0.8 ግራም አሞኒየም ኦክሳሌት በ80 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ (ዲስቲልድ ዋተር) አሟሙ። ሁለቱን ደባልቁና 24 ሰዓት አቆይታችሁ በማጣሪያ ወረቀት አጥሩ። ሳይጣራ የቀረ ዝቃጭ ስላይድ ላይ ሲደርቅ ጥቁር ሐምራዊ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ጀማሪ ሁሉ ባክቴሪያ ነው ብሎ የሚቆጥረውም ይህን ነው።

*የግራም አዮዲን፦* 2 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በመጀመሪያ በ5 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ፤ ከዚያ 1 ግራም አዮዲን ጨምሩና እስኪሟሟ አማስሉ፤ በመጨረሻ በውሃ 300 ሚሊ ሊትር ሙሉ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ አዮዲን በውሃ ብቻ አይሟሟም ማለት ይቻላል። 5% ሉጎል አዮዲን ካላችሁ 1 እጁን ከ14 እጅ የተጣራ ውሃ ጋር ብትቀላቅሉት ወደዚሁ መጠን ይመጣል። ለቁስል የሚሸጠው የአዮዲን ቲንክቸር አልኮል ስላለበት አይሆንም። አዮዲኑን ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከብርሃን ርቆ አስቀምጡ። እንደ ሻይ የነበረው መልኩ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ከተለወጠ ድፉት።

*ማልቀቂያ (አልኮሉ)፦* 95% ኢታኖል። አሴቶንና 95% ኢታኖል እኩል ለእኩል የተደባለቀበትም ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ለጀማሪ አይመከርም። ከፋርማሲ የሚገዛውን 70% አልኮል አትጠቀሙ። ውሃው ስለሚበዛ ግድግዳውን በሚገባ አያደርቀውም፤ ቀለሙም ያለ ልክ ይወጣል።

*ሳፍራኒን፦* 0.25 ግራም ሳፍራኒን ኦ በ10 ሚሊ ሊትር 95% ኢታኖል አሟሙና 90 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ።

*ማስጠንቀቂያ፦* አልኮልና አሴቶን እሳት ይስባሉ። መብራቱ ሳይጠፋ ጠርሙሶቹን አትክፈቱ። ክሪስታል ቫዮሌት እጅና ልብስ ላይ ከነካ በቀላሉ አይለቅም፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም፤ ዱቄቱን ስትመዝኑ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ።

ናሙና መምረጥ

ያልታወቀ ነገር አታሳድጉ፤ ከቁስል፣ ከአክታ ወይም ከሰገራ አትውሰዱ። ሦስት አስተማማኝ ናሙናዎች አሉ።

የሱቅ እርጎ ለሐምራዊው ማረጋገጫ ነው። ትኩስ ይሁን። የቤት እርጎ ጥሩ መማሪያ ቢሆንም ለማረጋገጫነት አይሆንም፤ ከወተቱ፣ ከዕቃውና ከእጅ የገባ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ስላለው ውስጡ ሮዝ ብታዩ የአሠራራችሁ ይሁን የእርጎው መለየት አትችሉም።

ከራሳችሁ ጥርስና ድድ መገናኛ በስቴኪኒ የሚፋቀው ነጭ ነገር ሁለቱንም ዓይነት ባክቴሪያ ይይዛል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የአፍ ቆዳ ህዋሶችም አብረው ይመጣሉ። የሰው ህዋስ ፔፕቲዶግላይካን የለውም፤ ስለዚህ ኑክለሱ ሮዝ ወይም ቀይ መሆን አለበት። ሐምራዊ ከሆነ አልኮሉ አንሷል ማለት ነው። ማረጋገጫው እዚያው ስላይድ ላይ አብሮ ይገኛል።

የእንጀራ እርሾ ሦስተኛው ነው፤ በእሱ ላይ ሁለት ወጥመዶች ስላሉ ወደ ንባቡ ስንደርስ እንመለስበታለን።

በላብራቶሪ ባህል (ሆን ተብሎ ባደገ ባክቴሪያ) ላይ ለምትሠሩ ደግሞ፦ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ያደገ ባህል ውሰዱ። ሲያረጅ የግራም ፖዘቲቩ ግድግዳ ስለሚፈራርስ ህዋሱ ሮዝ ሆኖ ይታያል። ይህን በአቀባብ ልታስተካክሉት አትችሉም፤ አዲስ ባህል ማሳደግ ብቻ ነው መፍትሔው።

ደረጃ 1፦ ስሚሩን አሳሱ

1. ስላይዱን በአልኮል ጠርጉ። አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉበት፤ ጠብታው ተሰብስቦ ከቆመ ቅባት አለው፣ እንደገና ጥረጉ። በደንብ ከተዘረጋ ንጹህ ነው።
2. ጫፉ ላይ በእርሳስ ጻፉ። በማርከር የተጻፈውን አልኮሉ ያጥበዋል።
3. ግራ በኩል ለእርጎው፣ ቀኝ በኩል ለጥርሱ ናሙና አንዳንድ ትንሽ ጠብታ የተጣራ ውሃ አድርጉ።
4. ከእርጎው ወፍራሙን ትታችሁ ከላይ ከጠለለው አጓት የሉፕ ጫፍ ያህል ብቻ ውሰዱና ከውሃው ጋር አዋህዱ። ወፍራሙ ክፍል ቅባትና ፕሮቲን ስለሚበዛበት ቀለም ይይዛል፤ ባክቴሪያውን ይሸፍነዋል።
5. በክብ እያዞራችሁ እስከ 2 ሴንቲሜትር አስፉት። ሁለቱ ናሙናዎች አይነካኩ።
6. በራሱ ይድረቅ። አትንፉበት፣ እሳት ላይ አታድርቁት።

መጠኑ ልክ መሆኑን በዚህ ዕወቁ፦ የደረቀውን ስላይድ ጋዜጣ ላይ አስቀምጡት። ፊደሉ በስሚሩ ውስጥ በግልጽ የሚነበብ ከሆነ ይሆናል። ስሚሩ እንደ ወተት ጠብታ ነጥቶ ፊደሉን ከሸፈነ አትቀጥሉ፤ ሌላ ሥሩ። በወፍራም ስሚር አልኮሉ የላይኛውን ድርብርብ ሲያለቅቅ የታችኛው ገና አልተነካም። እዚያ ላይ የምታዩት ሐምራዊ የግድግዳ ውፍረት ሳይሆን የስሚር ውፍረት ነው። ይህን ደጋግሞ የመሥራት ትዕግሥት የሌለው ሰው ቀሪውን ሥራ ባይጀምር ይሻላል።

ደረጃ 2፦ አጣብቁ

ስሚሩ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ስሚሩ ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ ስላይዱን በነበልባሉ ላይ ሦስት ጊዜ በፍጥነት አሳልፉ። የስላይዱን ጀርባ በእጃችሁ ጀርባ ንኩ፦ የሚሞቅ እንጂ የማያቃጥል ይሁን።

እርጥብ እያለ ካሞቃችሁት ህዋሱ ይቀቀላል፤ ቅርጹ ይበላሻል። ከመጠን በላይ ካሞቃችሁት ግድግዳው ስለሚሰነጠቅ ግራም ፖዘቲቩ ሮዝ ይሆናል። ካነሰ ደግሞ ስሚሩ ከውሃው ጋር ይታጠባል። እሳቱን መገመት ካስቸገራችሁ በሱ ፋንታ ሜታኖል ጠብ አድርጋችሁ 2 ደቂቃ አቆዩና አፍስሱት፤ በራሱ ይድረቅ። ሜታኖል መርዝ ነው፣ እሳትም ይስባል፤ መስኮት ክፈቱ፣ መብራቱንም አጥፉ።

ስላይዱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ትኩስ ስላይድ ላይ የፈሰሰ ቀለም ቶሎ ደርቆ ዝቃጭ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ክሪስታል ቫዮሌት፣ 60 ሰከንድ

ስሚሩን በሙሉ ሸፍኑ። 60 ሰከንድ ሲሞላ ስላይዱን አዘንብሉና ከላይኛው ጠርዝ ቀጭን ውሃ ከ2 እስከ 5 ሰከንድ አፍስሱ። ውሃውን በቀጥታ ስሚሩ ላይ አትልቀቁ። እዚህ ላይ ረጅም ማጠብ ስህተት ነው፤ አዮዲን ገና ስላላሰረው ቀለሙ በውሃ ብቻ ይወጣል።

ደረጃ 4፦ አዮዲን፣ 60 ሰከንድ

በመጀመሪያ ትንሽ አዮዲን አፍስሳችሁ የቀረውን ውሃ አስወግዱ፤ ከዚያ ሸፍኑና 60 ሰከንድ ጠብቁ። እንደ ቀድሞው እጠቡ። አሁን ስላይዱን አዘንብላችሁ ጠርዙን ወረቀት ላይ በመንካት የተንጠለጠለውን ውሃ አስወግዱ። ይህችን ትንሽ ነገር ብዙዎች ይዘሏታል፤ የቀረው ውሃ 95% የነበረውን አልኮል ያቀጥነዋል፤ ቀጣዩ ደረጃም ከሰው ሰው የሚለያየው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 5፦ ማልቀቅ

ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የማጠቢያውን ውሃ በሌላው እጃችሁ ያዙ፤ አልኮሉ ካለቀ በኋላ ውሃ መፈለግ መጀመር አይቻልም።

1. ስላይዱን በነጩ ትሪ ላይ ወደ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ያዙ።
2. ከላይኛው ጠርዝ 95% ኢታኖል ጠብታ በጠብታ ልቀቁ።
3. ዓይናችሁን ከስላይዱ ሥር ከሚወርደው ጠብታ ላይ አትንቀሉ። መጀመሪያ ጥቁር ሐምራዊ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ፈዛዛ ሐምራዊ ይሆናል፤ ከዚያ ጠብታው ነጩ ትሪ ላይ ሲያርፍ ቀለም አይተውም።
4. ጠብታው ቀለም መተው ባቆመበት ቅጽበት ውሃ ልቀቁ። «አንድ ጠብታ ለእርግጠኝነት» አትጨምሩ።

በስስ ስሚር ይህ ሁሉ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይፈጃል፤ በአሴቶንና አልኮል ድብልቅ ግን ከ2 እስከ 5 ሰከንድ ነው። ሰዓቱ ግምት እንዲሰጣችሁ እንጂ እንዲወስንላችሁ አይደለም፤ የሚወስነው የጠብታው መልክ ነው። ወፍራም የቀረ ቦታ ካለ እሱ እስኪጠራ አትጠብቁ። ስሱን ክፍል ተከተሉ፣ የምታነቡትም እሱን ነው።

ውሃው አልኮሉን ካላጠበው አልኮሉ መሥራቱን አያቆምም። ስላይዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወደ ቧንቧ መሄድ ብቻ ግራም ፖዘቲቩን ሮዝ ለማድረግ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ሳፍራኒን፣ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ

ሸፍኑ፣ ጠብቁ፣ በአጭሩ እጠቡ። ውሃ በሚመጥ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ተጫኑት፤ አትሹት፣ ስሚሩ ይነሳል።

ደረጃ 7፦ ማይክሮስኮፕ

ደህና የተቀባ ስላይድ እዚህ «ባዶ» ተብሎ የሚጣልበት ጊዜ ብዙ ነው።

1. በ10× ሌንስ ጀምሩ። ቀለሙን አግኙና አጥሩ። በዚህ ሌንስ ባክቴሪያ መፈለግ አያስፈልግም፤ ስሱን ቦታ መምረጥ ነው።
2. ኮንደንሰሩን (ከስላይዱ ሥር ያለውን ብርሃን ሰብሳቢ ሌንስ) እስከ ላይ ከፍ አድርጉ፤ ዲያፍራሙን (የብርሃን መግቢያውን) ክፈቱ። ኮንደንሰሩ ወርዶ ከቀረ ቀለሞቹ ይጠቁራሉ፤ ሮዝና ሐምራዊ መለየት ያዳግታል።
3. ሌንሱን ወደ ጎን ግማሽ አዙሩና ስሚሩ ላይ አንድ ጠብታ ኢመርሽን ዘይት አድርጉ።
4. 100×ን አምጡ፤ ጫፉ ዘይቱን ይንካ። በትንሹ ማስተካከያ ብቻ አጥሩ፤ ትልቁን ማስተካከያ ከነካችሁ ሌንሱ ስላይዱን ሊሰብር ይችላል።
5. ዘይት ካደረጋችሁ በኋላ ወደ 40× አትመለሱ። እሱ ደረቅ ሌንስ ነው፤ ዘይት ከገባበት እይታው ይደበዝዛል።

በ10× ጥሩ ሆኖ ታይቶ በ100× ፈጽሞ አልጠራ ካለ ስላይዱ ተገልብጦ መሆኑን አረጋግጡ። ስሚሩ ከሥር ከሆነ የመስታወቱ ውፍረት 100× ሌንስ እንዳይደርስበት ያግደዋል። ጠርዙን በጥፍር ጫር አድርጋችሁ ቀለሙ በየት ፊት እንዳለ ማወቅ ይቻላል። የምግብ ዘይት የኢመርሽን ዘይት ምትክ አይሆንም፤ የኢመርሽን ዘይት ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ከመስታወት ጋር ተመሳስሎ የተዘጋጀ ነው።

ማንበብ፦ ምን ማየት አለባችሁ?

ህዋሶች አንድ በአንድ ተለያይተው የሚታዩበትን ቦታ ብቻ አንብቡ፤ ቢያንስ አሥር የተለያዩ እይታዎችን ተመልከቱ። መጀመሪያ ወደ ጥርሱ ናሙና ሂዱና የአፍ ቆዳ ህዋስ ፈልጉ። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ከባክቴሪያው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ኑክለሱ ሮዝ ወይም ቀይ ነው? ከሆነ ወደ እርጎው እለፉ፤ እዚያ ያሉት ሐምራዊ ናቸው? ሁለቱም «አዎ» ሲሆን ብቻ ሌላውን ውጤት እመኑ።

በሱቅ እርጎ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቅርጽ ይታያል፦ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተደረደሩ ክቦችና ረጃጅም በትሮች። ክቦቹ ከ1 ማይክሮሜትር ያንሳሉ። በጥርሱ ናሙና ደግሞ ሐምራዊ ክቦች፣ ሮዝ በትሮች፣ ሁለት ጫፋቸው የሾለ ቀጫጭኖችና ረጃጅም ክሮች ተደባልቀው ይገኛሉ።

እርሾው ላይ የመጀመሪያው ወጥመድ የጤፍ ስታርች ነው። ጥራጥሬዎቹ ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ናቸው፤ ስታርች ከአዮዲን ጋር ሲገናኝ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ስለሚለወጥ ህዋስ መስሎ ያሳስታል። እርሾውን በብርጭቆ 10 ደቂቃ አዝቅጡና ከላይ ከጠለለው ውሰዱ። ጥራጥሬው ባለ ማዕዘን ነው፤ የእርሾው ፈንገስ ግን ሞላላ ሲሆን ጎኑ ላይ ትንሽ ቡቃያ አለው። ሁለተኛው ወጥመድ ይኸው ፈንገስ ራሱ ሐምራዊ መሆኑ ነው። ግድግዳው ፔፕቲዶግላይካን ባይኖረውም ወፍራም ስለሆነ ቀለሙን ያቆያል። በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስለሚደርስ አጠገቡ ካሉት ባክቴሪያዎች ጎን ግዙፍ ሆኖ ይታያል። ቀለሙን ብቻ አይታችሁ «ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ» ብላችሁ አትጻፉ፤ መጠኑንም አብራችሁ ተመልከቱ።

በዚህ ዘዴ የማይታየውንም አትፈልጉ። ራይቦዞም፣ ዲኤንኤ፣ የህዋስ ሽፋንና ፍላጀላ አይታዩም። በአንዳንድ በትሮች ውስጥ ቀለም ያልገባበት የጠራ ቀዳዳ መሰል ነገር ካያችሁ ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጽ) ሊሆን ይችላል፤ ጠንካራ ልባሱ ቀለሙን አያስገባም። ግድግዳ የሌለው ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ በግራም አይቀባም። የቲቢ ባክቴሪያም ሰም መሰል ልባስ ስላለው በዚህ ዘዴ አይለይም፤ ለእሱ የዚል ኒልሰን አቀባብ አለ።

ሲበላሽ

*ሁሉም ሮዝ ሆነ፣ እርጎውም ጭምር፦* አልኮሉ በዝቷል። ካልሆነ አዮዲኑ አርጅቷል፣ ወይም ደረጃው ተዘሏል። አዮዲኑን መልኩን አይታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ በአዲስ ስሚር ድገሙ።

*ሁሉም ሐምራዊ ሆነ፣ የአፍ ህዋሱ ኑክለስም ጭምር፦* አልኮሉ አንሷል ወይም ስሚሩ ወፍሯል። ስሚሩ ስስ ከሆነና ዘይት ካልነካው እዚያው ላይ ከደረጃ 3 ጀምራችሁ እንደገና መቀባት ትችላላችሁ።

*በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ሐምራዊና ሮዝ ክቦች ተደባለቁ፦* እርጎው አርጅቷል ወይም አልኮሉ ትንሽ አልፏል። በትኩስ እርጎ ሞክሩ፤ ያኔም ከተደባለቀ አልኮሉ ነው።

*ምንም የለም፦* ስሚሩ ታጥቧል። ማጣበቁን አስተካክሉ፤ ውሃውንም በቀጥታ አትልቀቁ።

*ሐምራዊ መርፌና ጠርዛቸው የተሰባበረ ነጠብጣቦች በሁሉም ቦታ፦* የክሪስታል ቫዮሌት ዝቃጭ ነው። ቀለሙን እንደገና አጥሩ። ዝቃጭ ከስሚሩ ውጭ ባለው ባዶ መስታወት ላይም ይታያል፤ ባክቴሪያ ግን እዚያ የለም።

*ከኮሎኒ (ባህል ላይ ተሰብስቦ ካደገ የባክቴሪያ ክምር) ስትሠሩ ጥርጣሬ ከቀረ፦* አንድ ጠብታ 3% ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስላይድ ላይ አድርጉና በሉፕ ከበቂ ኮሎኒ ጋር እስከ 60 ሰከንድ አማስሉ። ሉፑን ቀስ ብላችሁ ስታነሱ እንደ ተልባ ከተሳበ ግራም ኔጋቲቭ ነው፤ ስሱ ግድግዳ ፈርሶ ዲኤንኤው ስለወጣ ነው የሚሳበው። ውሃ ሆኖ ከቀረ በአብዛኛው ግራም ፖዘቲቭ ነው። ፈሳሹ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ።

ማጽዳት

100× ሌንሱን በሌንስ ወረቀት ጥረጉ፤ ጎዝና ጥጥ ሌንሱን ይጭሩታል። የማይቀመጡ ስላይዶችን 1 እጅ 5% በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ዘፍዝፉ። የተረፈውን አልኮልና አሴቶን በዚሁ በረኪና ዕቃ ውስጥ አትድፉ፤ ሲገናኙ መርዛማ ውህዶች ይፈጥራሉ። ለእነሱ ክዳን ያለው የተለየ ጠርሙስ አዘጋጁ። የሚቀመጠውን ስላይድ ደግሞ ዘይቱን ወረቀት ላይ አስመጡና ቀኑን፣ ናሙናውንና አልኮሉ የቆየበትን ሰከንድ በእርሳስ ጻፉበት። በሚቀጥለው ጊዜ ውጤቱ ቢለያይ መጀመሪያ የምታነጻጽሩት ያንን ሰከንድ ነው።